ፈጠራን የሚሸጡ አማካሪዎች፦ ከቦስተን ላቦራቶሪ እስከ ስብሰባ አዳራሽ

በ1921 አርተር ዲ. ሊትል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከአሳማ ጆሮ የሐር ቦርሳ አሠራ። በአገሩ «ከአሳማ ጆሮ የሐር ቦርሳ አይወጣም» የሚል የቆየ አባባል አለ፤ ከማይረባ ነገር የረባ አይገኝም ለማለት የሚነገር ነው። ሊትል ይህን አባባል በሥራ ሊያፈርሰው ቆርጦ ተነሣ። ባለሙያዎቹ 45 ኪሎ ገደማ ከሚመዝን የአሳማ ጆሮ የወጣ ሙጫ ወስደው በኬሚካል አጣሩት፤ በጠባብ ቀዳዳ አሳልፈው ክር አወጡ፤ ክሩን ቀለም ነክረው ሸመኑት፤ ከጨርቁም የጥንት ወይዛዝርት ይይዙት የነበረውን ዓይነት ቦርሳ ሰፉ። የሊትል ድርጅትም አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ።

ቦርሳው ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ አልነበረም። ሊትል ለፋብሪካ ባለቤቶች ማሳየት የፈለገው አይቻልም የተባለ ነገር በእሱ ቤት እንደሚቻል ነው። የአማካሪነትን ሙያ ከፈጠራ ጋር አስተሳስሮ የሚሸጠው ንግድ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው ራሱ በእጅ የሚዳሰስ፣ ማንም ሊመረምረው የሚችል ውጤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አንድ መቶ ዓመታት ንግዱ እጅግ ሰፋ። የሚሸጠው ነገር ግን ከውጤት ወደ ዘዴ፣ ከዘዴም ወደ ስጋትና ወደ ስም ተሸጋገረ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሽግግር ታሪክ ይተርካል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በላቦራቶሪ የተጀመረው ሙያ

አርተር ዲ. ሊትል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማለትም በኤም.አይ.ቲ. ኬሚስትሪ ተምሮ በሮድ አይላንድ በሚገኝ የወረቀት ፋብሪካ ሠርቷል። በ1886 ከባልደረባው ከሮጀር ግሪፊን ጋር በቦስተን ከተማ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፈተ። ሥራቸው ግልጽ ነበር፦ የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የዘይቱን፣ የስኳሩን ናሙና ተቀብለው ይመረምራሉ፤ ምን እንደያዘና ምን እንደጎደለው ይናገራሉ፤ ለዚያም ዋጋ ያስከፍላሉ። በ1893 ግሪፊን በላቦራቶሪ አደጋ ሞተ። ሊትል ሥራውን አላቆመም፤ በ1909 ድርጅቱ በራሱ ስም ኩባንያ ሆኖ ተመዘገበ። በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው የአማካሪ ድርጅት ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ፋብሪካ የራሱ ተመራማሪ አልነበረውም። ጀነራል ኤሌክትሪክ የምርምር ላቦራቶሪውን ያቋቋመው በ1900 ነው፤ ሌሎች ብዙዎች ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ለአንድ የወረቀት ወይም የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ሳይንስ ማለት ውጪ ሄዶ የሚገዛው ነገር ነበር። በ1911 ጀነራል ሞተርስ ላቦራቶሪ ማደራጀት ሲፈልግ የጠራው ሊትልን ነው። በ1917 ድርጅቱ በኬምብሪጅ ከተማ፣ በቻርልስ ወንዝ ዳር፣ ከኤም.አይ.ቲ. አጠገብ የራሱን ሕንፃ ሠርቶ ገባ። ሊትል ለትምህርቱም ዓለም ትልቅ ነገር አበርክቷል፤ የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ እንደ ማጣራት፣ ማድረቅና ማትነን ባሉ መሠረታዊ ክንውኖች ተከፋፍሎ መጠናት አለበት የሚለውን ሐሳብ በ1915 ያቀረበው እሱ ነው።

ደንበኛው ለሊትል ሲከፍል ምን እንደገዛ ያውቅ ነበር። ምርመራው ትክክል ካልሆነ የሚቀጥለው የምርት ዙር ያጋልጠዋል። ሊትል በ1935 ሲሞት የተወው ሙያ በዚህ ዓይነት መተማመን ላይ የቆመ ነበር። ችግሩ የመጣው ከውድቀት ሳይሆን ከስኬት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከእሱና ከመሰሎቹ ተምረው የየራሳቸውን ላቦራቶሪ ገነቡ። ደንበኛው ራሱ ኬሚስት ከቀጠረ በኋላ የውጪው ኬሚስት ምን ይሸጥለታል? የዚህ ሙያ ቀጣይ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው።

ከውጤት ወደ ዘዴ

በሌላ አቅጣጫ፣ ከሂሳብ መዝገብና ከአስተዳደር በኩል የመጡ አማካሪዎች በቺካጎ ከተማ ሥር እየሰደዱ ነበር። ኤድዊን ቡዝ በ1914፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ መምህር የነበረው ጄምስ ማኪንዚ ደግሞ በ1926 ድርጅቶቻቸውን አቋቋሙ። እነዚህ የሚያዩት የኩባንያውን አወቃቀር፣ በጀትና አመራር ነበር። ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የወጡት የባንክና የአክሲዮን ገበያ ሕጎች ባንኮች በኩባንያዎች ጓዳ ገብተው የሚሠሩትን ጥናት ስላጠበቡት፣ ገለልተኛ አማካሪዎች ያንን ክፍተት ሞሉት። በማኪንዚ ድርጅት ማርቪን ባወር የተባለው የሕግ ባለሙያ አማካሪነት እንደ ጥብቅና የተከበረ ሙያ እንዲሆን ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱ ወንዞች ተገናኙ። ፈጠራ ራሱ በሥርዓት ሊመራ የሚችል ሥራ ነው የሚል እምነት ተስፋፋ። አሌክስ ኦዝቦርን የተባለ የማስታወቂያ ሰው «ብሬንስቶርሚንግ» የሚባለውን፣ ሰዎች ተሰብስበው ያለ ትችት ሐሳብ የሚያዘንቡበትን ዘዴ በመጻሕፍቱ አስፋፋ። በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴውን ፈትነው ነበር፤ በየግላቸው ያሰቡ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር በቡድን ከተቀመጡት እንደሚበልጥ አገኙ። ግኝቱ በሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ ስብሰባው ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። ዘዴ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ማስረጃው ሲዳከምም ገበያው እንደማይዳከም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታይቷል።

በአርተር ዲ. ሊትል ድርጅት ውስጥም ዊልያም ጎርደን የተባለ ሰው የአዳዲስ ግኝቶች ቡድን ይመራ ነበር። ጎርደን ሰዎች አንድን ችግር ሲፈቱ የሚነጋገሩትን በቴፕ እየቀዳ፣ አዲስ ሐሳብ በየትኛው የንግግር መታጠፊያ ላይ እንደሚወለድ ይከታተል ነበር። በ1960 ከጆርጅ ፕሪንስ ጋር ወጥቶ ሲነክቲክስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። እዚህ ላይ ንግዱ አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመደ። ሊትል ለደንበኛው አዲሱን ክር ይሠራለት ነበር፤ ጎርደን ግን ክሩን ራስህ የምታገኝበትን መንገድ ላስተምርህ አለ። በመርሕ ደረጃ ይህ ለደንበኛው የተሻለ ነው፤ ችሎታው በቤቱ ይቀራልና። ነገር ግን ውጤቱን በአንድ ምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም። ያልተሳካ እንደሆነ ዘዴው ነው ያልሠራው ወይስ ተጠቃሚው ነው ያልተማረው? ይህ ጥያቄ ለሻጩ ሁልጊዜ መውጫ በር ይተዋል።

የኤድዊን ቡዝ ድርጅት፣ ቡዝ አለን ኤንድ ሃሚልተን፣ በዚሁ ዘመን አዲስ ምርት ከሐሳብ እስከ ገበያ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በጥናት አስቀመጠ። በ1968ቱ ጥናት አንድ የተሳካ ምርት ለማግኘት በአማካይ 58 ሐሳቦች ያስፈልጉ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወጣው ጥናት ቁጥሩ ወደ 7 ወረደ። ድርጅቱ ይህን ያቀረበው ጥሩ ማጣሪያ ያለው ኩባንያ ብዙ ገንዘብ እንደሚያድን ለማስረዳት ነው። ሆኖም በዚያው ጥናት ለዓለም ፍጹም አዲስ የነበሩት ምርቶች ከአሥር አንዱ ብቻ ነበሩ። ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ የነባር ምርት ማሻሻያዎችና ቅጥያዎች ናቸው። ማጣሪያ ብክነትን ይቀንሳል፤ አዲስ ነገር ግን አይወልድም።

ሥዕሉና መጽሐፉ

ብሩስ ሄንደርሰን የአርተር ዲ. ሊትልን የአስተዳደር ምክር ክፍል የመራ ሰው ነው። በ1963 ከዚያ ወጥቶ በአንድ የቦስተን ባንክ ሥር ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕን መሠረተ። ሄንደርሰን ከሊትል ቤት ቢወጣም ላቦራቶሪ አልያዘም። የያዘው ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡንም አጫጭር ጽሑፎች አድርጎ ለኩባንያ መሪዎች በፖስታ ይልክላቸው ነበር። አንድ ዕቃ በብዛት ሲመረት ወጪው በታወቀ መጠን እንደሚቀንስ የሚያሳየው የልምድ ኩርባ በ1960ዎቹ፣ የኩባንያን ንግዶች በአራት ክፍል የሚመድበው ሰንጠረዥ ደግሞ በ1970 ወጡ። ሰንጠረዡ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ፣ ማንም የቦርድ አባል በደቂቃ ውስጥ የሚረዳው ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም አማካሪ ድርጅት የራሱን ሥዕል ይዞ መቅረብ ግዴታ ሆነበት።

ፈጠራም ሥዕሉን አገኘ። የማኪንዚው ሪቻርድ ፎስተር በ1986 ባወጣው መጽሐፍ ማንኛውም ቴክኖሎጂ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ በፍጥነት አድጎ፣ በመጨረሻ ጣሪያው ላይ እንደሚቆም በኩርባ አሳየ፤ ጣሪያው ሳይደርስ ወደሚቀጥለው ያልተሻገረ ኩባንያ ይወድቃል አለ። በካናዳ ሮበርት ኩፐር አዲስ ምርት በር በበር እየተፈተሸ የሚያልፍበትን ሥርዓት ቀመረ። በ1999 የማኪንዚ ሰዎች የዛሬውን ንግድ፣ እያደገ ያለውንና የሩቁን ጊዜ በሦስት አድማስ የሚከፍለውን ሥዕል አወጡ። በ1991 አርተር ዲ. ሊትልም ስለ ምርምርና ሥርፀት አመራር በባለሙያዎቹ የተጻፈ መጽሐፍ አሳትሟል። ያ ሰባ ዓመት ቀድሞ ከአሳማ ጆሮ የሐር ክር ያወጣው ድርጅት በዚህ ጊዜ ከብዙዎቹ ጋር በመጽሐፍ የሚወዳደር ሆኗል።

እነዚህ ሥዕሎች ከንቱ አይደሉም። አንድ የአመራር ቡድን ስለ ነገ እንዲነጋገር የጋራ ቋንቋ ይሰጡታል፤ ዛሬ ትርፍ የሚያመጣውን ንግድ ብቻ እንዳያይ ይገፉታል። ጉዳቱ የሚጀምረው ሥዕሉን መሙላት እንደ ሥራ ሲቆጠር ነው። ሰንጠረዡ የትኛውን ንግድ እንደምትሸጥ ይነግርህ ይሆናል፤ በምትኩ ምን እንደምትሠራ ግን አይነግርህም።

ስጋት ሲሸጥ

በ1990 ማይክል ሃመር ነባሩን አሠራር በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ አፍርሶ ከባዶ መጀመር ይሻላል የሚል ጽሑፍ በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው አወጣ። በ1993 ከጄምስ ቻምፒ ጋር የጻፈው መጽሐፍ የዘመኑ መነጋገሪያ ሆነ። ቻምፒ የሚመራው ሲ.ኤስ.ሲ. ኢንዴክስ የተባለ አማካሪ ድርጅት በዚህ ሐሳብ በፍጥነት አደገ። ብዙ ኩባንያዎች ግን ሐሳቡን ሠራተኛ ለመቀነሻ ተጠቀሙበት። ሃመር ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰውን ጉዳይ በቂ ትኩረት እንዳልሰጠው ተናግሯል። በ1995 ደግሞ ከኢንዴክስ ጋር የተያያዘ ሌላ መጽሐፍ በብዛት ተገዝቶ ወደ ምርጥ ሽያጭ ዝርዝር እንዲወጣ መደረጉን ቢዝነስ ዊክ መጽሔት አጋለጠ። ድርጅቱ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ከገበያ ጠፋ።

ከሁሉም በላይ ጉልበት ያገኘው የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ክሌይተን ክሪስተንሰን በ1997 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ክሪስተንሰን የኮምፒዩተር ዲስክ አምራቾችን ታሪክ አጥንቶ፣ ጥሩ ኩባንያዎች የሚወድቁት ስለሚያጠፉ ሳይሆን ምርጥ ደንበኞቻቸውን በትጋት ስለሚያዳምጡ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ርካሽና ደካማ የሚመስል አዲስ ምርት ከታች ገብቶ ቀስ እያለ ላዩን ይወርሳል። ይህ ጥልቅ ትምህርት ነው። በ2000 ከማርክ ጆንሰን ጋር ኢኖሳይት የተባለውን አማካሪ ድርጅት መሠረተ፤ ሐሳቡም ከጥናትነት ወደ አገልግሎትነት ተለወጠ። በአጭር ጊዜ ውስጥ በየስብሰባው የሚሰማው ቃል «ካልቀደማችሁ ትጠፋላችሁ» የሚል ሆነ። በ2014 የታሪክ ምሁሯ ጂል ለፖር በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ የክሪስተንሰንን ማስረጃዎች አንድ በአንድ እየመረመረች፣ ወድቀዋል ከተባሉት ኩባንያዎች አንዳንዶቹ እንዳልወደቁ ጻፈች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ስጋት ሲሸጥ የሚደርሰውን ጥፋት ኤንሮን በግልጽ አሳይቷል። ፎርቹን መጽሔት ይህን የኃይል ኩባንያ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የአሜሪካ ቀዳሚ የፈጠራ ኩባንያ ብሎታል። ዋና መሪው ጄፍሪ ስኪሊንግ ከማኪንዚ የመጣ ሰው ነበር፤ ማኪንዚም የኩባንያው አማካሪ ነበር። ታዋቂው የስትራቴጂ ጸሐፊ ጋሪ ሃሜልም በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ኤንሮንን በአርአያነት አንሥቶታል። በታኅሣሥ 2001 ኩባንያው ኪሳራ ውስጥ መግባቱን ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፈጠራ የተባለው የሂሳብ ማጭበርበርም ታወቀ። ይህ አማካሪዎችን ሁሉ አጭበርባሪ አያደርግም። የሚያስተምረው ነገር፣ አዲስነትን በራሱ የሚያወድስ ሚዛን እውነትን ከሐሰት መለየት እንደሚሳነው ነው።

የንድፍ ሰዎች

በካሊፎርኒያ የነበሩት ሰዎች መነሻቸው ሌላ ነበር። ዴቪድ ኬሊ በ1978 የመሠረተው የንድፍ ድርጅት ለአፕል ኮምፒዩተር በርካሽ ሊመረት የሚችለውን ማውዝ ሠርቷል። በ1991 ከቢል ሞግሪጅና ከማይክ ነታል ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ አይዲዮ ተባለ። እንደ ሊትል ሁሉ እነዚህም ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ፤ ተጠቃሚውን በቦታው ሄደው ይመለከታሉ፣ ቶሎ ናሙና ይሠራሉ፣ ናሙናውን ይፈትናሉ፣ ያፈርሱታል፣ እንደገና ይሠራሉ።

በ1999 የኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን አይዲዮ በአምስት ቀን ውስጥ የሱፐርማርኬት መግፊያ ጋሪ እንደገና ሲነድፍ አሳየ። ፕሮግራሙን ያዩ የኩባንያ መሪዎች ስልክ መደወል የጀመሩት ስለ ጋሪው አልነበረም፤ «እኛም እንደዚህ መሥራት እንፈልጋለን» ነበር ጥያቄያቸው። ድርጅቱም ዕቃ ከመሥራት ጎን አሠራሩን ማስተማር ጀመረ። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለው ዘዴ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ተከፈተለት፤ በ2008 የአይዲዮ መሪ ቲም ብራውን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ጻፈበት፤ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት የሞላበት ግድግዳም የየመሥሪያ ቤቱ የፈጠራ ምልክት ሆነ። ላቦራቶሪው የሄደበትን መንገድ የንድፍ አውደ ጥናቱም ሄደበት፦ መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ የሥራው ዘዴ፣ በመጨረሻ የዘዴው ሥልጠና።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ዝም አላሉም። አክሰንቸር በ2013 ፊዮርድ፣ ማኪንዚ በ2015 ሉናር የተባሉ የንድፍ ድርጅቶችን ገዙ። በኪሳራ የወደቀውን ሞኒተር ግሩፕ የተባለ አማካሪ ድርጅት በእጁ ካለው ዶብሊን የተባለ የፈጠራ አማካሪ ጋር ዴሎይት ወሰደው። ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በ2014 አዳዲስ ኩባንያዎችን ከደንበኞቹ ጋር የሚመሠርት ክፍል ከፈተ። ኢኖሳይትም በ2017 ወደ ሌላ አማካሪ ድርጅት ተጠቃለለ። አይዲዮ በ2023 ከሠራተኞቹ ሲሶ ያህሉን አሰናበተ። ዘዴውን ለዓለም ካስተማረ በኋላ ገዢዎቹ ወይ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ፣ ወይ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ከሌላ አገልግሎት ጋር በጥቅል ገዙት። ሊትል ፋብሪካዎች ላቦራቶሪ ሲከፍቱ የገጠመው ፈተና ነው ተመልሶ የመጣው።

የሊትል ድርጅት ራሱስ? በየካቲት 2002 በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። ክፍሎቹ ተለያይተው ተሸጡ፤ ስሙንና የአማካሪነት ሥራውን አልትራን የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ወሰደው። በ2011 አጋሮቹ መልሰው ገዙት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራል።

ሽያጩ እንዴት ይካሄዳል

ዘመኑና ስሙ ይለያይ እንጂ የሽያጩ ሂደት ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው በነፃ ነው፦ ጥናት፣ ዝርዝር፣ ደረጃ። ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ ከ2005 ጀምሮ የዓለምን ቀዳሚ የፈጠራ ኩባንያዎች ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቷል። ዝርዝሩን ያየ መሪ እኛ የት ነን ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ውይይት ይደረጋል፤ አማካሪው ኩባንያውን ከእኩዮቹ ጋር አነጻጽሮ ክፍተቱን ያሳያል። ከዚያ በምዕራፍ የተከፈለ የሥራ ሐሳብ ይቀርባል፦ ሁኔታውን ማጥናት፣ ዕድሎችን መለየት፣ ጥቂቱን መሞከር፣ ፍኖተ ካርታ ማዘጋጀት። ሥራውን የሚያስገኘው ልምድ ያለው አጋር ነው፤ ቀን ተሌት የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ቡድን ነው። ክፍያው ለቡድኑ ጊዜ ነው። አንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ የሚቀጥለው ምዕራፍ አስፈላጊነት በሪፖርቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ገዢው የሚገዛበት ምክንያትም አለው፣ ሁሉም የሚናቅ አይደለም። ውጪ ያለ ሰው ውስጥ ያለው የማይደፍረውን ሊናገር ይችላል። ብዙ ኩባንያ ያየ ባለሙያ አንዱ ቤት ያልተማረውን ከሌላው ይዞ ይመጣል። ቦርድን ለማሳመን የታወቀ ስም ይረዳል። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚገዛው ከለላ ነው፤ ሥራው ካልተሳካ «የተመከርነውን ነው ያደረግነው» ለማለት።

የንግዱ ዋና ችግር ያለው በጊዜ ላይ ነው። አማካሪው ሪፖርቱን ሲያስረክብ ይከፈለዋል፤ ፈጠራው መሳካቱ ወይም መክሸፉ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቡድኑ ሄዷል፤ ውሉን የፈረመው ሥራ አስኪያጅም ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ማን ያመሰግን፣ ማን ይጠየቅ? ቡዝ አለን ኤንድ ሃሚልተን በ2005 አንድ ሺህ የዓለም ኩባንያዎችን አጥንቶ ለምርምርና ሥርፀት በሚወጣው ገንዘብና በኩባንያው ውጤት መካከል ቀጥተኛ ግንኙነት አለማግኘቱን አስታውቋል። የአማካሪው የራሱ ጥናት ብዙ በመክፈል ፈጠራ እንደማይገኝ መስክሯል፤ ለዚህ ሐቀኝነቱም ምስጋና ይገባዋል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሃመርና የቻምፒ ሐሳብ ቢ.ፒ.አር. ወይም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተብሎ በ2000ዎቹ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ተስፋፋ። በአንዳንድ አገልግሎቶች ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዳይ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ፤ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ቀነሰ። በብዙ ቦታ ግን ለውጡ በአዳራሽ ሥልጠና፣ በሠራተኛ ምደባና በሰነድ ተወስኖ ቀረ። አሜሪካ ውስጥ ዘዴው ሰውን ችላ ብሏል የሚለው ትችት ከተሰማ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ ትምህርቱ አብሮ አልመጣም።

ካይዘን በሌላ መንገድ ገባ። ከ2008ቱ የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ ጃፓን በቱኒዝያ የሠራችውን ዓይነት የጥራትና የምርታማነት ሥራ በኢትዮጵያም እንድትጀምር ጠየቁ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ጃይካ፣ ከ2009 ጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ አደረገ። የጃፓን አማካሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጎን ለጎን ቆመው በፋብሪካው ወለል ላይ ሠሩ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘንም በየቦታው እኩል አልሠመረም። ቢሆንም ውሉ ገና ከጅምሩ ምክሩን ተቀብሎ የሚያስቀጥል የአገር ተቋም እንዲኖር አስቦ ነበር። ልዩነቱ ከዘዴዎቹ ብልጫ ይልቅ በተገዙበት መንገድ ላይ ነው፦ አንዱ ላይ ሰነድ ቀረ፣ ሌላው ላይ ሰው ቀረ።

ገዢው ምን ይጠይቅ

ዛሬ ባንኮቻችን፣ ኢንሹራንሶቻችን፣ የቴሌኮምና የአየር መንገድ ተቋማቶቻችን፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም የዲጂታል ሽግግርና የፈጠራ አማካሪ ይቀጥራሉ። ከዚህ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ካስቆጠረ ታሪክ ለእነሱ የሚሆኑ ጥያቄዎች ይወጣሉ። ቢጋሩ ሲጻፍ የምንፈልገው ውጤት ነው ወይስ ዘዴ፣ ወይስ ስም? ውጤት ከሆነ በእጅ የሚዳሰሰው ነገር ምንድን ነው፣ መቼስ እንፈትነዋለን? ዘዴ ከሆነ በስም ተለይተው የሚማሩት የእኛ ሰዎች እነማን ናቸው፣ አማካሪው ከሄደ ከስድስት ወር በኋላ ብቻቸውን ምን መሥራት ይችላሉ? ሥራውን ያቀረበልን ሰው ራሱ ይሠራዋል ወይስ ሌላ ይልክልናል? ከክፍያው ምን ያህሉ ውጤቱ እስኪታይ ይቆያል? ይህ ዘዴ ሌላ ቦታ የከሸፈውስ ለምን ነበር? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው አማካሪ ዘዴውን አያውቀውም ወይም አይነግረንም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ አባቶች። አማካሪ ጎረቤት ነው፤ ችግሩን ለይቶ የጠራው፣ የራሱን ሠራተኛ ያሰለፈ፣ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ባለቤት ሲኖር ብዙ ያግዛል። ባለቤት የሌለው ቤት ግን ምክር ቢከመርበት አይድንም። የአማካሪነት ሙያ የተከበረ ሙያ ነው፤ ከሊትል ላቦራቶሪ ጀምሮ ለዓለም ኢንዱስትሪ ያበረከተው ብዙ ነው። ክብሩ የሚጠበቀው ግን የሚሸጠው ነገር ሊመረመር የሚችል ሆኖ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ውል የምትፈርሙ ሥራ አስኪያጆችና የቦርድ አባላት ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አማካሪው ሲሄድ በእጃችሁ ምን እንደሚቀር በጽሑፍ አስቀምጡ። ያንን መጻፍ ካልቻላችሁ አትፈርሙ።